ስልኩ እስኪጠራ፦ እውነተኛ እገታ በርካሽ ልብ አንጠልጣይ ፊልም

ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ ተራው ኋላ፣ በቆርቆሮ የተከለለ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቶቹ በጆንያ ተደፍነዋል፤ ሃምሳ ሳንቲም የከፈለ ሁሉ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። በሩ ላይ በጠመኔ ከሚጻፉት ስሞች አንዱ በየጊዜው ተመልሶ ይመጣ ነበር፦ «ዴልታ ፎርስ»። ቻክ ኖሪስ ሮኬት በተገጠመለት ሞተር ሳይክል ጠላፊዎቹን ሲያሳድድ ቤቱ በፉጨት ይናወጣል። የአውሮፕላኑ መንገደኞች ግን ትዝ አይሉኝም። ፊታቸውን ለማስታወስ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ የሚመጣልኝ ሞተር ሳይክሉ ብቻ ነው።

ታሪኩ ከእውነተኛ ጠለፋ የተቀዳ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1985 ከአቴና ወደ ሮም ይበር የነበረው የቲ ደብሊው ኤ በረራ 847 ተጠልፎ በቤይሩትና በአልጀርስ መካከል ተመላለሰ። አንድ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል ጠላቂ ተገደለ። የመጨረሻዎቹ ታጋቾች ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተው በድርድር ተለቀቁ። በሞተር ሳይክል የደረሰላቸው ማንም አልነበረም። ፊልሙ በዓመቱ ወጥቶ፣ በእውነቱ ያልተገኘውን ድል በሲኒማ ሰጣቸው።

በ1988 ደግሞ ኤን ቢ ሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያንኑ ጠለፋ በቴሌቪዥን አቅም ሠራው። መሪ ገጸ ባሕሪዋ የበረራ አስተናጋጆቹ ኃላፊ ኡሊ ዴሪክሰን ናት፤ የተጫወተቻት ሊንዚ ዋግነር። ዴሪክሰን በእውነተኛው ጠለፋ ከአንዱ ጠላፊ ጋር በጀርመንኛ ትግባባ ነበር። አልጀርስ ላይ ነዳጅ ቀጂዎቹ ክፍያ ሲጠይቁ፣ በእጇ በነበረው የሼል ክሬዲት ካርድ የከፈለችውም እሷ ናት። ሞት አንገቷ ላይ ቆሞ ሒሳብ የምትከፍል ሴት! ይህን የሚያህል ትዕይንት በሮኬት አይገኝም።

ይህን ዳሰሳ የጀመርኩት በእነዚህ ሁለት ፊልሞች መካከል ያለውን ልዩነት ሳስብ ነው። ገንዘብ የነበረው ወደ ውጭ፣ ወደ ፍንዳታው ሮጠ። ገንዘብ ያነሰው ከታጋቾቹ ጋር ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የእገታ ፊልም ባየሁ ቁጥር ካሜራው የት እንደቆመ እጠይቃለሁ፤ ስለ አገራችን ታሪኮችም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

የእገታ ታሪክ ኪሱ ለሳሳ አዘጋጅ የተሰጠ በረከት ነው። አንድ ክፍል ይበቃዋል። አምስት ስድስት ተዋናዮች፣ አንድ በር፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ሰዓት። ታጋቹ ከክፍሉ መውጣት ስለማይችል ካሜራውም እንዲወጣ አይገደድም፤ ተመልካቹ የሚታፈነው በፊልሙ ድህነት ምክንያት መሆኑን ሳያውቅ ይታፈናል። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በእንዲህ ዓይነት ፊልሞች የምሽት ሰዓታቸውን የሞሉት በዚህ ምክንያት ነው። ታሪኩን ጋዜጣው አስቀድሞ አስተዋውቆላቸዋል፤ ፊልሙን በጥቂት ሳምንት ቀርጾ ማድረስ ብቻ ነበር የቀራቸው።

ችግሩ ያለው እዚሁ ማድረስ ላይ ነው። የኤርፍራንስ አውሮፕላን ተጠልፎ ኢንቴቤ፣ ኡጋንዳ ያረፈው በጁን 1976 መጨረሻ ነው፤ የእስራኤል ኮማንዶዎች በጁላይ 4 አዳር ታጋቾቹን አስለቀቁ። ገና ዓመቱ ሳያልቅ፣ በዲሴምበር 13፣ ኤ ቢ ሲ «ቪክትሪ አት ኢንቴቤ»ን አሳየ። ኤልዛቤት ቴይለር፣ ኪርክ ዳግላስ፣ በርት ላንካስተር ተደርድረውበታል፤ የተቀረጸው ግን እንደ ስቱዲዮ ድራማ በቪዲዮ ቴፕ ነው። ያንን ሁሉ ኮከብ ለተመለከተ ሰው ታጋቾቹ የክብር እንግዶች ይመስሉታል። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 9 ቀን 1977፣ ኤን ቢ ሲ የራሱን «ሬይድ ኦን ኢንቴቤ» አቀረበ። ይህኛው ይሻላል፤ ያፌት ኮቶ ኢዲ አሚንን የተጫወተበት አኳኋን ዛሬም ያስፈራል፣ እየሳቀ ነውና የሚያስፈራው። ይሁንና ሁለቱም ፊልሞች ጥድፊያ ያጠቃቸዋል። ከአውሮፕላኑ የወረዱት ሰዎች ገና እንቅልፍ ሳይወስዳቸው፣ የእነሱ ሌሊት የሌላው ሰው የምሽት መዝናኛ ሆነ።

ከዚህ የባሰም አለ። በ1993 ቴክሳስ፣ ዌኮ አጠገብ አንድ የሃይማኖት ቡድን በፌዴራል ፖሊሶች ተከቦ 51 ቀን ሲቆይ፣ የኤን ቢ ሲ ፊልም ሠሪዎች ከበባው ሳያልቅ ኦክላሆማ ውስጥ ቀረጻ ጀምረው ነበር። ፊልሙ በሜይ 23 ታየ። ሰፈሩ በእሳት የጋየው በኤፕሪል 19 ነው፤ ልጆችም አብረው ሞተዋል። በእሳቱና በማስታወቂያው መካከል አርባ ቀን እንኳ አልሞላም። እኛ አገር አርባ የሟች ተዝካር ነው።

በቴሌቪዥን ከተሠሩት ሁሉ ልቤን የነካው በ2018 ጀርመኖች ያሳዩት «ግላድቤክ» የተባለ ባለ ሁለት ክፍል ፊልም ነው። በኦገስት 1988 ሁለት ወንበዴዎች ባንክ ዘርፈው፣ ሰው አግተው፣ በጀርመን ከተሞች ለ54 ሰዓት ያህል ተዘዋወሩ። ጋዜጠኞቹ ምን አደረጉ? መኪናውን ከበው፣ ሽጉጥ አንገቷ ላይ የተደገነባትን ታጋች ምን ይሰማሻል ብለው ጠየቁ። ሁለት ታጋቾች ሞቱ፤ አንድ ፖሊስም በመኪና አደጋ ሞተ። ፊልሙ ይህን የሠራው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ክሱንም ከወንበዴዎቹ አልፎ ወደ ካሜራው አዙሮታል። ጊዜ የወሰደ ፊልም እንዲህ ዓይነት ዓይን ይኖረዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ መጀመሪያ ወደ ቃላቱ።

ሽሮ ሜዳ የጥልፍ አገር ነው። የቀሚሱ ጥበብና ጥለት ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። ይኸው «ጠለፈ» የሚለው ግስ ነው ልጃገረድን ከውኃ መንገድ ነጥቆ በፈረስ የሚያፈናጥጠው፣ አውሮፕላን ከመስመሩ የሚያስወጣው፣ የሚሄድን ሰው በእግር ጠልፎ የሚጥለው። በአንድ ቃል ውበትም ዝርፊያም ተሰፍቷል። «እገታ» ግን ሌላ ነው። ማገት የከብት ቃል ነበር፤ እንዳያልፍ መንገዱን ዘግቶ መያዝ። አሁን በዜና ስንሰማው ለሰው ነው። «መያዣ» ደግሞ የብድር ቃል ነው፤ ሰው ለገንዘብ ሲያዝ ይመጣል። ጠለፋ ከመስመር ያስወጣል፣ እገታ ያቆማል፣ መያዣ ዋጋ ይተምናል። አንድ የስክሪፕት ጸሐፊ ሦስቱን ቃላት ብቻ ይዞ ቢቀመጥ ፊልሙ በሦስት ክፍል ተከፍሎ ይመጣለታል።

በታሪካችን ስመ ጥሩው እገታ የመቅደላው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን፣ መልእክተኛውን ራሳምንና ሌሎች አውሮፓውያንን ይዘው አቆዩ። ጄኔራል ናፒየር ዝሆን ሳይቀር ይዞ መጥቶ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ታጋቾቹ ተለቀቁ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ሠዉ። ራሳምም ዶክተር ብላንክም አገራቸው ገብተው መጽሐፍ ጻፉ፤ የታጋችነት ቀናቸው በዝርዝር ተቀመጠ። በእኛ በኩል አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔቱ ንጉሡን አነሡ፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በዚያው አምባ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞችም ነበሩ። ውጊያው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በእስላምጌ ገደል ብዙዎቹ ተወርውረው አለቁ። ስለ እነሱ የተሠራ ትዕይንት አላየሁም። ከአውሮፓውያኑ ታጋቾች የእያንዳንዱ ስም ይታወቃል፤ የገደሉ ሰዎች በቁጥር ብቻ ተቀመጡ፣ ቁጥሩም በግምት።

ይህ አድሎ ከመቅደላ ጋር አልተቀበረም። የካቲት 1999 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ከእንግሊዝ ኤምባሲ ጋር የተያያዙ አምስት አውሮፓውያን ሲታገቱ የዓለም ካሜራ ዘመተ፤ በ12 ቀናቸው ተለቀቁ። አብረዋቸው የታገቱት ኢትዮጵያውያን ከዚያ በኋላ ከወር በላይ ቆዩ። ካሜራው ያን ጊዜ አልነበረም።

ሌላው ስመ ጥሩ እገታችን ከእኛ ሰፈር ግርጌ ነው። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወርዶ ስድስት ኪሎ የሚደርስ ሰው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሆነውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያገኛል። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ጀምረው መሳፍንቱንና ሚኒስትሮቹን «እቴጌ በጠና ታመዋል» በሚል ሰበብ አስጠርተው ያዟቸው። ለሦስት ቀን በመያዣነት ቆዩ። ውጭ ጦር ሠራዊቱ ታንኩን አዘጋጀ፤ የአሜሪካው አምባሳደር በሽምግልና መካከል ገቡ። ታኅሣሥ 7 ቀን ሽምግልናው ፈርሶ ውጊያው ሲበረታ፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በታጋቾቹ ላይ ተተኮሰ። አሥራ አምስት ሰው አለቀ።

እነማን እንደነበሩ ልብ በሉ። ራስ አበበ አረጋይ አምስት ዓመት ጣሊያንን በዱር በገደል የተዋጉ፤ ራስ ሥዩም መንገሻ የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ፤ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ እዚያው ክቡር ዘበኛን ያዘዙ፤ መኮንን ሀብተ ወልድ፤ የንጉሡ የንስሐ አባት አባ ሐና ጅማ። እነዚህ ሰዎች ሦስት ቀን በአንድ ቤት ምን ተባባሉ? ማን ጸለየ? ማን ለማን ውኃ አቀበለ? ያንን ሁሉ የጦር ሜዳ ያለፈው አርበኛ፣ ትናንት ሰላምታ ይሰጠው የነበረ ወታደር በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ምን አሰበ? በዚህ ክፍል ውስጥ ለሁለት ሰዓት ፊልም የሚበቃ ነገር አለ፤ የሚያስፈልገው አንድ ሳሎን፣ ሃያ ወንበርና በሬዲዮ የሚሰማ የአልጋ ወራሹ ድምፅ ነው። ታንኩ በድምፅ ብቻ ይምጣ፤ ለታጋቾቹም የመጣው በድምፅ ነው። የታኅሣሥ ግርግር ሲነሣ ግን ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ወንድማማቾቹ ነው፤ ጀግና ናቸው ወይስ ከሐዲ በሚለው። ስለ ሳሎኑ የሚያወራ ጥቂት ነው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፦ ሟቾቹ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ትውልዱ አላዘነላቸውም። ፊልም ግን ሰው ባላዘነበት ቦታ ቆሞ እንዲያይ የሚያደርግ ነገር ነው።

ከስድስት ኪሎ ሳንርቅ፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቦይንግ 720 ለመጥለፍ ሞከሩ። ሰባት ነበሩ፤ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ይገኙባቸዋል። በውስጥ የነበሩት የጸጥታ ሰዎች ተኮሱ፤ የእጅ ቦምብም ፈነዳ። ስድስቱ ሞቱ፣ አንዷ ተረፈች፤ የተጎዳው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በሰላም አረፈ። ይህ ታሪክ በመታሰቢያ ጽሑፍም በክርክርም ብዙ ተነግሯል፤ ሁልጊዜ የወጣቶቹ ታሪክ ሆኖ። አውሮፕላኑን ያወረዱት አብራሪዎች እንኳ በግርጌ የሚጠቀሱ ናቸው። ከእግሩ ሥር ቦምብ የፈነዳ መንገደኛ ያን ምሽት ቤቱ ገብቶ ለልጆቹ ምን ነገራቸው? የኔን ትውልድ ያሳደጉት ሰዎች ስለ ዋለልኝ ጽሑፍ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ስለዚያ መንገደኛ ሲያወሩ አልሰማሁም።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ ሦስት ወጣት ኢትዮጵያውያን ኮክፒት ገቡ። ፍላጎታቸው አውስትራሊያ ነበር። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይደርስ ደጋግመው ነገሯቸው፤ አላመኑም፣ አውሮፕላኑ ይህን ያህል ሰዓት መብረር ይችላል የሚለውን በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ አንብበዋል። ረዳት አብራሪው ዮናስ መኩሪያ ተደብድበው ከኮክፒት ተባረሩ። ካፒቴኑ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተጠልፈዋል። ሞተሮቹ ነዳጅ ጨርሰው ሲጠፉ ኮሞሮስ ደሴት ዳር፣ ሌ ጋላዋ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ውኃ ላይ ለማሳረፍ ሞከሩ። ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ። ብዙዎቹ የሕይወት ጃኬታቸውን ገና ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ ነፍተውት ስለነበር፣ ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አጣብቆ አስቀራቸው።

ከሞቱት አንዱ የ1977ቱን ረኀባችንን ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነው። በአዲስ አበባ የጥይት ማከማቻ ፍንዳታ አንድ እጁን ያጣ፣ ከዚያም በኋላ ካሜራውን ያልጣለ ሰው። የእሱ የመጨረሻ ደቂቃ የተቀረጸው በባሕሩ ዳር ለሽርሽር በመጡ ቱሪስቶች የቪዲዮ ካሜራ ነው። አውሮፕላኑ በግራ ክንፉ ውኃውን ሲነካና ሲሰበር የሚያሳየው ያ ቪዲዮ በዓለም ሁሉ ታይቷል። የካናዳው «ሜይዴይ» ተከታታይ ፊልም ታሪኩን በተዋናዮች ሠርቶታል፤ በትንሽ በጀት፣ በአንድ የአውሮፕላን ቁራጭ ውስጥ፣ ለቴክኒኩ ተጠንቅቆ። አየሁት፤ አከበርኩት፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ጠላፊዎቹም አብራሪዎቹም የአንድ አገር ልጆች መሆናቸው፣ በታላቅና በታናሽ ወግ መካከል ያደጉ መሆናቸው፣ ለልመናውም ለዛቻውም አማርኛ ያለው የአንተና የእርስዎ ልዩነት፣ ሁሉም በእንግሊዝኛው ጠፍቷል። አንድ ወጣት መጥረቢያ ይዞ በአባቱ ዕድሜ ሊሆን የሚችልን ካፒቴን «አንተ» ሲል የመጀመሪያው ጥይት ያ ነው። ይህን የሚሰማው የእኛ ጆሮ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ፊልሙ የእኛ ዕዳ ነው።

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. የተጠለፈውን የዚያኑ አየር መንገድ በረራ 702 በአጭሩ ልለፈው። ዋናው አብራሪ ከኮክፒት ሲወጣ ረዳቱ በሩን ቆለፈና ወደ ሮም የሚሄደውን አውሮፕላን ጄኔቫ አሳረፈው፤ በመስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ። የስዊስ ተዋጊ ጀቶች ያኔ ከሥራ ሰዓት ውጪ አይነሡም ስለነበር ያጀቡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጀቶች ነበሩ። ማንም አልሞተም። ከታጋች ፊልም ይልቅ የአንድ ሰው የብቸኝነት ፊልም ይወጣዋል፤ ያንን ደግሞ የባለታሪኩን ልብ ሳያውቁ መሥራት አይገባም።

ከአገር ውስጥ ሥራዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ረጅም ቆይታ የሚገባው «ድፍረት» ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፎ አዘጋጀው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አገኘ፤ አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲዩሰርነት ስሟ አለበት። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አርሲ ውስጥ ለጋብቻ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች ተማሪና ጉዳይዋን የያዘችው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ታሪክ ነው። ተማሪዋን የተጫወተችው ቲዚታ ሐገሬ ናት። ጠበቃዋን መዓዛ አሸናፊን ሜሮን ጌትነት ተጫውታለች። ልብ አንጠልጣይ ነው ወይ? የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሜዳው ላይ የፈረሶቹ ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ የተዘጋች ጎጆ፣ ከዚያ ጠመንጃ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ብልህ ነገር ያደርጋል፦ እገታው አላለቀም ይለናል። ልጅቱ ከጎጆዋ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከጣቢያው ወደ ማረፊያ ቤት፣ ከዚያ ወደማታውቀው ከተማ ትዛወራለች፤ በሩን የሚዘጋው ሰው ይለዋወጣል እንጂ በሩ አይከፈትም። የድሮው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ካገባት ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር፤ ይህን ቀዳዳ የዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ነው።

ነገር ግን «ድፍረት» ትልቅ ቁስልም አለው። በ2006 ዓ.ም. ማለቂያ ብሔራዊ ቴአትር ሞልቶ፣ የክብር እንግዶች ተቀምጠው፣ ፊልሙ ሊጀመር ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ከበስተጀርባው የታሪኳን መብት በተመለከተ ባለታሪኳ ያነሣችው ቅሬታ ነበር። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። ማን ትክክል እንደነበር መፍረድ የእኔ ቦታ አይደለም። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አስባለሁ፦ አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዷ የተወሰደች ሴት፣ ታሪኳ ሲወሰድ ፈቃዷ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ እስክትሰለች ድረስ መጠየቅ አለበት። ይህ የበጀት ጥያቄ አይደለም፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ካሜራ አያስፈልግም።

ከእውነተኛ ክስተት ባይነሣም ከእውነተኛ ሥርዓት የተነሣውን የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» እዚህ ማንሣት እፈልጋለሁ። በድሮው ፍርድ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ያዡ ራሱ ተያዥ ነው፤ ሲተኛም ሲበላም አብሮ ነው። ፈረንጆቹ ታጋችና አጋች ስለሚላመዱበት ነገር ከአንድ የስቶክሆልም ባንክ ስም አውጥተዋል። እኛ በቋንቋችን «ቁራኛ» የሚል ቃል ነበረን፤ አንድ ፊልም ሠሪ ያንን ቃል ከፍቶ ፊልም አገኘበት።

ታዲያ ቴሌቪዥናችን ለምን ከእውነተኛ እገታ ሸሸ? ልብ አንጠልጣይ ነገር አንወድም ማለት አይቻልም። «ሰው ለሰው» ሲታይ መንገዱ ጭር ይል ነበር፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ስሙ ለክፉ ሰው መጠሪያ ሆኖ በየሰፈሩ ቀርቷል። በሬዲዮም እሸቴ አሰፋ በሸገር «መቆያ» እውነተኛ ታሪክ ሲተርክ ታክሲው ውስጥ ወሬ ይቆማል፤ እንዲያውም ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ ኃይለኛው የእገታ ፊልም ያ ድምፅ ነው እላለሁ። አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ከሚያውቀው እውነት አንሥቶ ከጻፈ በኋላ ጠፍቶ ቀረ፤ ያንን የማያስታውስ የአማርኛ ጸሐፊ የለም። ሌላው ልማድ ነው። የቪዲዮ ካሜራ በ1990ዎቹ ፊልም መሥራትን ሲያረክሰው፣ ቤት ተከራይቶ በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ የፍቅርና የቀልድ ፊልም መንገዱን ያዘ። መሣሪያና የፖሊስ ልብስ አደባባይ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አውሮፕላን አይታሰብም። ስለዚህ አዘጋጁ «እገታ ውድ ነው» ይላል። ውድ የሆነበት ግን በ«ዴልታ ፎርስ» ዓይን ስለሚያየው ነው፤ ያ የቪዲዮ ቤት ሞተር ሳይክል ዛሬም ከጭንቅላታችን አልወረደም።

የእኛ ዘመን እገታ አውሮፕላንም ኮማንዶም የለውም። የጎጃም መንገድ ከጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ እንጦጦን ያቋርጥና ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ፍቼ፣ ገርበ ጉራቻ እያለ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች ታገቱ፤ ወላጆቻቸው ወራት ጠበቁ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች ያሉባቸው አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው ከመቶ በላይ መንገደኞች ታገቱ። ከዚያ ስልክ ይመጣል። ድምፁ የልጁ ነው፣ ቀጥሎ የሌላ ሰው ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ይጠራል።

ይህ ፊልም የሚሠራበት ክፍል የታጋቾቹ ጫካ አይመስለኝም። ጫካውን ከእኛ ማንም አላየውም፤ ያዩት ደግሞ ገና ሊናገሩ አይፈልጉም፣ ሊጠደፉም አይገባም። ክፍሉ ሳሎን ነው። ግድግዳው ላይ የምረቃ ፎቶ የሚሰቀልበት ቦታ አስቀድሞ ተለይቷል። ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ዕቁቡን ማን ቀድሞ ይውሰድ ይባላል፤ ውጭ አገር ያለው አጎት ይደወልለታል፤ አንዱ መሬቱን፣ አንዷ ወርቋን ታወጣለች። ሽማግሌው «ለፖሊስ እንንገር» ይላል፣ እናት «ይገድሉብኛል» ትላለች። የስልኩ ባትሪ እንዳያልቅ ቻርጀሩ ከግድግዳው አይነቀልም፤ መብራት ሲጠፋ ጎረቤት ሁሉ ፓወር ባንክ ይዞ ይሮጣል። ፊልም ሠሪው የሚያስፈልገው ስድስት ተዋናይ፣ አንድ ሶፋና አንድ ስልክ ነው፤ ይህን ያህል በጉለሌ ኪራይ ቤት ውስጥ ይገኛል። የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ትዕግሥት ነው፦ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ የማንንም ቁስል በማስታወቂያ ሰዓት ሳይሸጥ፣ ከብዙ ቤት ሰምቶ አንድ ቤት መሥራት።

አክስቴ አዲሱ ገበያ ነው የምትኖረው። ልጇ ደብረ ማርቆስ ስለሚሠራ በየሁለት ወሩ በጎጃም መንገድ ይመላለሳል። እሱ የሚሄድበት ቀን እሷ ጋ እውላለሁ። ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ድምፁ ግን ይዘጋል፤ ስልኩ ከረከቦቱ ጠርዝ ላይ ነው። ባለፈው ጊዜ በስክሪኑ ላይ አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር፤ ወንበር ላይ የታሰረ ሰው አፉን ከፍቶ ይጮኻል፣ ድምፅ የለውም። አክስቴ አላየችውም። ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ ስልኩ ጠራ።

«አለፍክ ወይ?»

«አልፈናል እማ። ጎሃ ጽዮንንም አልፈናል፤ ዓባይን እየወረድን ነው።»

ስልኩን አስቀመጠች። ሦስተኛውን ቀዳች፣ ሰጠችኝ፣ ከዚያ ሪሞቱን አንሥታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፈተችው።